ጥላ በዛፍ ቁጥር አይለካም

ለወረዳችን ግብርና ጽሕፈት ቤት
ጅማ ዞን

ጉዳዩ፦ በቡና ጥላ ዛፍ ቆረጣና በአንድ ጊዜ ጉንደላ ስለደረሰብን ጉዳት

የተከበሩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፣

ሰላም ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ይሁን። ይህን የምጽፈው የቀበሌያችን ቡና አምራቾች በመረጡት ኮሚቴ ስም ነው። ማመልከቻችንን በኦሮምኛ ጽፈን ሁለት ጊዜ መዝገብ ቤት አስገብተናል፤ አንዱን በመጋቢት፣ ሁለተኛውን በሚያዝያ። ሁለቱንም ጊዜ የመዝገብ ቁጥር ይዘን ተመለስን፤ ከቁጥሩ ሌላ በእጃችን የገባ ነገር የለም። አሁን በአማርኛና በግልጽ የጻፍነው ከተማ የገቡ ልጆቻችንም፣ ቡናችንን የሚገዛው ነጋዴም፣ ይኸው መመሪያ ገና ያልደረሰበት የሌላ ቀበሌ ገበሬም እንዲያነበው ብለን ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ባለፈው ኅዳር ላይ፣ ለቀማው ገና ሳያልቅ፣ ስብሰባ ተጠርተን ሁለት ነገር ተነገረን። በኩታ ገጠም፣ ማለትም ጎን ለጎን ያሉ ማሳዎች እንደ አንድ በሚለሙበት አሠራር፣ የታቀፈ የቡና ማሳ በሩብ ሄክታር ከሁለት ዛፍ በላይ እንዳይኖረው፤ ያረጀ ቡና ደግሞ እስከ ጥር መጨረሻ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲጎነደል፣ ማለትም እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ከሥሩ ከፍ ብሎ እንዲቆረጥ። ከሳምንት በኋላ የልማት ሠራተኛው የቀለም ቆርቆሮ ይዞ መጣና የሚቆረጡትን ዛፎች ቀይ ቀባ። ዛፉ ምን እንደሆነ፣ ስንት ዓመቱ እንደሆነ፣ ጥላው እስከ የት እንደሚደርስ አልጠየቀም። ቆጠረ፣ ሁለት ተወ፣ የቀረውን ቀባ። ልጁ ባለጌ አይደለም፤ የሚጠየቀው ሪፖርት በቁጥር ስለሆነ በቁጥር ሠራ።

የእኔን ማሳ ላስቀድም፤ ከሰው ማሳ ይልቅ የራሴን አውቀዋለሁና። ቡናዬ የሰባት ዓመት ነው፣ 74110 የሚባለው ዝርያ፣ ስለዚህ ጉንደላው አልነካኝም። ጥላዬ ግን አራት ሳሳ፣ ሁለት ዋንዛና አንድ ብርብራ ነበር። ሳሳዎቹን የተከለው አባቴ ነው። ቅርንጫፋቸው እንደ ጃንጥላ ወደ ጎን የተዘረጋ፣ ቅጠላቸው ደቃቅ ስለሆነ ብርሃኑ እንደ ወንፊት ተንጠባጥቦ የሚያልፍበት ነበር። የተተዉልኝ አንድ ዋንዛና ብርብራው ናቸው። ብርብራው ገና ቀጭን ነው፤ ጥላው ለአንድ ፍየል አይበቃም። በቆጠራው ግን ከሳሳው እኩል አንድ ነው።

በየካቲት መጨረሻ አንድ ጥሩ ዝናብ ጣለ። እንደሚታወቀው የቡና እንቡጥ በበጋው ተኝቶ ይቆይና የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲነካው ይነቃል። በዘጠነኛው ቀን ማሳው ሁሉ ነጭ ሆነ፤ ሽታው መንገደኛ የሚያስቆም ነበር። አበባው ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ረገፈ፣ ይህ ያለ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ሰማዩ ተዘጋ። ፍሬ ካበበ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የመርፌ ራስ አክሎ ነው የሚቆየው፤ ለዓይን እንኳ አይሞላም፣ የዓመቱ ኑሯችን ግን እዚያ ላይ ነው። ያንን ጊዜ በገላጣ ፀሐይ አሳለፈው። መጀመሪያ ቅጠሉ በየጅማቱ መካከል ቢጫ እየሆነ ሄደ፣ ቀጥሎ ጠርዙ እንደ ተጠበሰ ወረቀት ቡናማ ሆኖ ተጠቀለለ። በሚያዝያ ቅርንጫፉን ቀስ ብዬ ስነካው ትንንሾቹ ፍሬዎች እንደ በርበሬ ፍሬ መዳፌ ላይ ረገፉ። ቆጠርኳቸው፤ ከአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ሠላሳ አንድ።

አሁን መንገዱን ተሻግረው የጎረቤቴን የሐጂን ማሳ ይመልከቱ። ሐጂ ዛፋቸውን አላስቀባም ብለው ከበራቸው ላይ ቆሙ። በስብሰባ ላይ ስማቸው ተጠራ፣ «ልማት አደናቃፊ» ተባሉ፣ ከማዳበሪያው ዝርዝርም ወደ ኋላ ተገፉ። የእርሳቸው ቡና ያበበው ከእኔው ጋር በአንድ ቀን ነው፣ የዘነበለትም ያው አንድ ዝናብ ነው፣ መሬቱም ያው ቀይ አፈር ነው። ዛሬ ቅርንጫፋቸው ላይ ፍሬው ተደርድሮ አለ። ያለ ጥርጥር ከእርሳቸውም የረገፈ አለ፤ የእኔን ግን አያክልም።

ኮሚቴው ይህን በወሬ ብቻ እንዳይተወው ብሎ፣ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው የጎረቤታችን ልጅ ሁለት ቴርሞሜትር አመጣልን። ፀሐይ በቀጥታ እንዳይመታቸው ሁለቱንም በሰፌድ ከልለን በደረት ቁመት ሰቀልናቸው፣ አንዱን በሐጂ ሳሳ ሥር፣ አንዱን በእኔ ማሳ መሐል። ለአሥር ቀን በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ አነበብን። ልዩነቱ ከሦስት ዲግሪ ወርዶ አያውቅም፣ በአንዳንዱ ቀን አምስት ደርሷል። መሣሪያችን የልጅ መሣሪያ ነው ቢሉን አንከራከርም፤ በእናንተ መሣሪያ ለክታችሁ አሳዩን።

እነዚያ ጥቂት ዲግሪዎች ምን ማለት እንደሆኑ እናንተ ተምራችሁታል፣ እኛ ኖረንበታል። ዓረቢካ ቡና የጫካ ልጅ ነው፤ የተገኘው እዚሁ ደቡብ ምዕራብ ደን ውስጥ ከትልልቅ ዛፍ ሥር ነው። የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ18 እስከ 21 ዲግሪ ሲሆን ይመቸዋል። ከ23 ሲያልፍ ፍሬው ይቸኩላል፤ ቸኩሎ የበሰለ ፍሬ ውስጡ አይሞላም፣ ጣዕሙም ይወርዳል። 30 ደርሶ ለብዙ ቀን ሲቆይበት እድገቱ ይቆማል፣ ቅጠሉ ይነጣል። እኩለ ቀን ላይ አየሩ ሲደርቅና ሲግል ቅጠሉ ውኃ እንዳያልቅበት ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ሲዘጋ ደግሞ ምግብ መሥራቱንም ያቆማል። ስለዚህ «ፀሐይ በበዛ ቁጥር ምርት ይበዛል» የተባልነው ግማሽ እውነት ነው። ለአንድ ሁለት ዓመት ውኃና ማዳበሪያ እንደ ልብ ካገኘ ገላጣ ላይ ያለ ቡና በእርግጥ ከአቅሙ በላይ ያፈራል። ከዚያ ቅርንጫፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል፣ አንድ ዓመት ሰጥቶ አንድ ዓመት ይነሳል። እኛ ደግሞ የመስኖ ውኃ የለንም፣ ማዳበሪያውም ተሰልፈን የምናገኘው ነው።

ይህ ሁሉ አየሩ እንደ ድሮው ቢሆን ኖሮ እንኳ ጉዳት ነው። አየሩ ግን እንደ ድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 2006 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ጨምሯል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ወደ ላይ መቶ ሜትር ሲወጣ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ ጥቂት አልፎ ይቀንሳልና፣ 1.3 ዲግሪ ማለት ማሳችንን ከነቡናው አንስቶ 200 ሜትር ያህል ወደ ቆላው እንደማውረድ ነው። ያንን የሚመልስልን ከዛፍ ጥላ በቀር በእጃችን ያለ ነገር የለም። ዛፉን ስንቆርጥ ሌላ 200 ሜትር ወረድን።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ በዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የሀገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ያው ጥናት ቡና ወደ ከፍታ ቢዘዋወርና ደን ቢጠበቅ ስፋቱ ከአሁኑ ሊበልጥ እንደሚችልም ይላል። በስብሰባ ላይ «ቡና ወደ ደጋው ይውጣ» ያሉት ባለሙያ ይህን አንብበው ይሆናል። ጥሩ። ከእኛ በላይ ያለው ግን የሌላ ሰው ገብስና የቀረችው ደን ናት። ወዴት እንውጣ?

ስለ ተባይም አንድ ነገር ልበል፣ ጅማን በስም የሚያነሳ ጉዳይ ስለሆነ። ፍሬውን ከእምብርቱ በስታ የምትገባዋን ጥቁር ጥቃቅን ጢንዚዛ ታውቋታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት የጅማን የሙቀት መዝገብ አይቶ፣ እስከ 1984 ድረስ ብርዱ ይህቺ ጢንዚዛ በዓመት አንዴ እንኳ ተራብታ እንዳትጨርስ ያግዳት እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን አንዴም ሁለቴም መራባት የሚያስችላት ሙቀት እንደመጣ ጽፏል። አባቶቻችን የማያውቋትን ጢንዚዛ እኛ ያወቅናት ለዚህ ነው። አምና አንድ ሰብሳቢ ጀንፈሌን፣ ከነገለባው የደረቀ ቡናዬን፣ መዳፉ ላይ ዘርግቶ ቀዳዳውን በጥፍሩ እያሳየ ዋጋ ጣለብኝ፤ ምን ብዬ እከራከረዋለሁ።

ወደ ሁለተኛው ቅሬታ ልለፍ፣ ወደ ጉንደላው። ጉንደላን አንቃወምም። ያረጀ ቡና ከመሬት ሠላሳ አርባ ሳንቲ ሜትር ላይ በሰያፍ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ሁለት ሦስት ጠንካራ ቡቃያ ተመርጦ ሲያድግ እንደገና ወጣት ይሆናል። ይህን ከእናንተ ተምረናል፣ ትክክል ነው። የተቃወምነው «ሁሉም በአንድ ጊዜ» የሚለውን ነው። የተጎነደለ ቡና ደህና ፍሬ የሚሰጠው ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ነው። በላይኛው መንደር ባሏ የሞተባት አራት ልጅ የምታሳድግ እናት አለች። ያላት ግማሽ ሄክታር ያረጀ ቡና ነው፤ ሁሉም ተጎነደለ፣ ጥላውም በዚያው ሳምንት ወረደ። ሲሶውን ዘንድሮ፣ ሲሶውን ከርሞ፣ ሲሶውን በሦስተኛው ዓመት ልጎንድል ብላ ለምና ነበር። አሠራሩም እኮ እንዲህ ነው የሚመከረው። «ኩታ ገጠሙ ይበላሻል» ተባለች።

ጉቶዎቹን ሄጄ አይቻለሁ። ጥላ ሥር የተጎነደለ ጉቶ ቅርፊቱ እርጥብ ሆኖ ከጎን ከጎን አረንጓዴ ቡቃያ ያወጣል። የእርሷ ጉቶዎች በደቡብ ምዕራብ በኩል፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያርፍበት ጎን፣ ቅርፊታቸው ተሰንጥቆ እንደ ደረቀ ቆዳ ተልጧል፤ ያቆጠቆጠው በሌላው ጎን ብቻ ነው። ጨርሶ ያላቆጠቆጠም አለ። ልጆቿ በመካከሉ በቆሎ ዘሩ፤ እርሱም በጸጉሩ ሰዓት ዝናብ አጥቶ ግማሽ ባዶ ዛላ ሆነ። ትልቁ ልጅ አሁን ጅማ ከተማ ቀን ሥራ ላይ ነው።

ሦስተኛው አጭር ነው። በተቆረጠው ምትክ ከችግኝ ጣቢያ የተሰጠን ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ ነው። ሳሳ ጠየቅን፣ የለም። ብርብራ ጠየቅን፣ የለም። ብርብራና ሳሳ የአተርና የባቄላ ዘመድ ናቸው፣ በሥሮቻቸው ከአየር የሚወስዱትን ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣሉ፣ ቅጠላቸው ረግፎ አፈሩን ያለብሳል። ባሕር ዛፍ ይህን አያደርግም፤ ውኃውን ይጠጣል እንጂ። ሁለት ሰዎች የወሰዱትን ባሕር ዛፍ ምንጩ ዳር ተክለውታል። ያ ምንጭ የሃያ ሁለት ቤት ምንጭ ነው።

ዋንዛን በሚመለከት ደግሞ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ በመንግሥትና በክልል ደን ውስጥ ከጥድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር እንዳይቆረጥ ከጠበቃቸው ዛፎች አንዱ እንደነበር ለማስታወስ ያህል ነው። አዋጁ በሌላ ተተክቷል፣ የእኛም ማሳ የመንግሥት ደን አይደለም። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ በአዋጅ የተጠበቀ ዛፍ በሌላ ጊዜ በቀይ ቀለም ሲቀባ ሰው ግር ይለዋል። በቆረጥኩት ዋንዛ ላይ ሁለት ቀፎ ነበረኝ። አንዱን ወደ ሐጂ ግቢ አዛወርኩት፣ በሌላው የነበሩት ንቦች ሄዱ።

የእኛም ጥፋት አለ፣ አልሸሽገውም። አንዳንዱ ማሳ ላይ ጥላው በዝቶ ጨለማ ሆኖ ነበር። በጨለማ ያለ ቡና ይረዝማል እንጂ አያፈራም፣ እርጥበቱም የፍሬ በሽታ ይጠራል። ቅርንጫፍ መመልመል ስንፍና ይዞን የተውንም አለን። ለእንዲህ ያለው ማሳ ጥላ መቀነስ ተገቢ ነው፤ ከግማሽ በታች፣ ከሲሶ ያላነሰ ጥላ ይበቃዋል። ቀና ብሎ ሰማዩን ማየት፣ ምን ያህሉ በቅጠል እንደተሸፈነ መገመት፣ የሚመለመለውን መመልመል፣ የግድ ሲሆን አንዱን ማውረድ። ግማሽ ቀን የሚወስድ ሥራ ነው። በዛፍ ቁጥር መሥራት ግን የጨለመውንም የተመጠነውንም አንድ አድርጎ አጨደው።

«አዲሶቹ ዝርያዎች ፀሐይ ይችላሉ» የሚል መልስም በቃል ሰምተናል። በማሳዬ ያለው 74110 የፍሬ በሽታውን ይቋቋማል፣ ለዚህም መልኮ የምርምር ማዕከልን እናመሰግናለን፤ እ.ኤ.አ. በ1971 በሽታው ሀገራችን ውስጥ ሲታይ ብዙ ቡና ይዞ ሊሄድ ነበር። ግን እኮ ይህ ዝርያ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1974 ኢሉባቦር፣ መቱ አካባቢ ከቆመ የቡና ዛፍ የተመረጠ ነው። በሽታን እንዲቋቋም ነው የተመረጠው፤ ያለ ጥላና ያለ ውኃ እንዲኖር ብሎ የመረጠው የለም።

የምታውቁት ግን የማትጽፉት አንድ ነገርም አለ። ከጎኔ ያለው ጎረቤቴ በግንቦት መጀመሪያ የደረቀ ቡናውን ነቅሎ ጫት ተከለ። ጫት ገላጣውን ይችላል፣ በዓመት ከአንዴ በላይ ይቆረጣል፣ ገዥው በር ድረስ ይመጣል። አልፈርድበትም፤ ልጆቹ ዘንድሮ ይበላሉ። በኩታ ገጠሙ ሪፖርት ላይ ግን ማሳው አሁንም «የታደሰ ቡና» ተብሎ ተጽፏል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ቀይ ቀለም የተቀባው ገና ያልተቆረጠ ዛፍ ሁሉ ባለበት ይቆይ፤ ከእንግዲህ የጥላ ቅነሳ በዛፍ ቁጥር ሳይሆን ማሳው ላይ በሚያርፈው የጥላ መጠን ይወሰን፣ ውሳኔውም ከባለ ማሳው ጋር ቆሞ ይሁን።

ጉንደላው በሦስት ዓመት ተከፍሎ ይካሄድ። ሙሉ ማሳቸው ለተጎነደለባቸው፣ በተለይ ሌላ ገቢ ለሌላቸው፣ የማዳበሪያና የዘር ዕዳቸው ፍሬ እስኪመለስ ድረስ ይራዘምላቸው። ስም ዝርዝራቸውን ከሁለተኛው ማመልከቻ ጋር አያይዘናል፣ አሥራ ሰባት ቤት ነው።

ችግኝ ጣቢያው ለሚመጣው ክረምት ሳሳ፣ ብርብራና ዋንዛ ያፍላ። ዘሩን እኛ ለቅመን እናመጣለን፣ ክፍያ አንጠይቅም። እነዚያ እስኪደርሱ ድረስ ለጊዜያዊ ጥላ የሚሆን የርግብ አተርና ሰስባንያ ዘር በሰኔ ይሰጠን። ሰኔ ካለፈ ለዘንድሮ አለፈ።

በቀበሌው የአርሶ አደር ማሠልጠኛ አንድ የዝናብ መለኪያና አንድ ቴርሞሜትር ይተከል፣ ንባቡም በየሳምንቱ በር ላይ ይለጠፍ። ያን ጊዜ እናንተም እኛም ስለ አንድ ነገር እንነጋገራለን።

ሐጂ ወደ ማዳበሪያው ዝርዝር ይመለሱ።

መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ከመጻፍ መምጣት ይቀላል ካላችሁም ድልድዩን እንደተሻገራችሁ በግራ የሐጂ፣ በቀኝ የእኔ ማሳ ነው፤ መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ሁለቱንም ማየት ይቻላል። ከሐሙስ በቀር በማንኛውም ቀን እዚያው አለን፤ ሐሙስ ገበያ እንወጣለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የቀበሌው ቡና አምራች አርሶ አደሮች ኮሚቴ ጸሐፊ
ጅማ ዞን፣ ግንቦት

ግልባጭ፦
ለወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት
ለቀበሌው አስተዳደር
ለቀበሌው የልማት ሠራተኛ